አንድ ጫማ፣ ከኋላ ሲለካ

ሃሌፑና፣ ኦዋሁ ደሴት
ኖቬምበር 9 ቀን 1985

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ ሎፓካ
ላስ ቬጋስ፣ ባሕር በማይደርስበት በረሃ

አሎሃ። ሰላምታዬ ውቅያኖሱን ዋኝቶ፣ አሸዋውን በእግሩ አቋርጦ ካሉበት ይድረስ። እኛ ደህና ነን። አክስታችን ኖሄአም ከጉልበቷ በስተቀር ደህና ናት።

ይህን የምጽፍልዎ ከባድ መርዶ ስላለኝ ነው። ቆመው ከሆነ ይቀመጡ፤ ተቀምጠውም ከሆነ የሚደገፉት ነገር ይፈልጉ። ወንድም ጋሼ፣ ይሉኝታዎ አርፏል። መቼ እንዳረፈ በትክክል አይታወቅም፤ ሬሳው የተገኘው ግን ባለፈው ሳምንት ነው። ያገኙት ጎረቤታችን እማማ ናካሙራ ናቸው።

እንደሚያውቁት እማማ ናካሙራ በየዓመቱ እንደ ተሳላሚ ወደ ላስ ቬጋስ ይወርዳሉ። ዘንድሮም ቁማሩ ኪሳቸውን አራግፎ ሲሸኛቸው ራባቸውና እርስዎ አለቃ በሆኑበት ምግብ ቤት ገቡ። ሾርባቸውን እየጠጡ ቀና ቢሉ ምን ያያሉ? የአያታችን የናሂኑ ሳንቃ፣ ያ ዕድሜ ልካቸውን ቆመው ማዕበል የጋለቡበት ሳንቃ፣ ግድግዳ ላይ ተቸንክሯል። ጫፉ ላይ የአንድ ሰካራም ባርኔጣ ተሰቅሏል። ከሥሩ ደግሞ «ሎፓካ በዚህ ሳንቃ ሃያ ጫማ ከፍታ ያለው ማዕበል ድል ነሣ» የሚል ጽሑፍ አለ። እማማ ናካሙራ ሾርባው ትን ብሏቸው ሊሞቱ ነበር። ፎቶ አንሥተው ለአክስቴ አመጡላት።

የትኛው ሎፓካ ነው? እኔ የማውቀው ሎፓካ ውኃ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ «ሆዴን አመመኝ» የሚለውን ነው።

ሳንቃውን የወሰዱት አያታችን በሞቱ ሰሞን ነው። «ምስጥ ጀምሮታል፤ አሳድሼ እመልሰዋለሁ» አሉ፣ አክስቴም አምና ሰጠችዎ። ኑዛዜያቸውን ከእኛ ጋር ሆነው ሰምተዋል፦ «ከተቃጠልኩ በኋላ አመዴን በገዛ ሳንቃዬ ጭናችሁ፣ ማዕበሉ ከሚሰበርበት ድንጋይ ባሻገር ወስዳችሁ በትኑኝ።» ይኸው እስከ ዛሬ በብስኩት ቆርቆሮ ሆነው ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጠዋል። አክስቴ ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርክ አባዬ፣ ገና ነው» ትላቸዋለች። እርስዎ ደግሞ በሳቸው ሳንቃ ላይ የሰው ባርኔጣ ይሰቅላሉ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሳንቃውን ይመልሱ። ካልመለሱ እበቀልዎታለሁ። እንዴት እንደምበቀል ገና አላወቅሁም፤ ግን ትምህርት ስላቆምኩ የማሰቢያ ጊዜ አለኝ።

አክባሪዎ፣ የአጎትዎ ልጅ ካይፖ


ላስ ቬጋስ
ዲሴምበር 3 ቀን 1985

ለታናሽ ወንድሜ ለካይፖ

የአያቶቻችን አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ። ለአክስታችን ለኖሄአ ጉልበት ምሕረትን እለምናለሁ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ያንተ ዓይነት ሥራ እንዳይመስልህ። የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ስልክ ላይ በየማለዳው የማዕበሉን ሁኔታ ለሚደውል ሁሉ በድምፅ ቀድቶ ቀኑን ሙሉ መተኛት ሥራ ከተባለ ማለቴ ነው።

ሳንቃው በክብር ተቀምጧል። በረሃው ደረቅ ስለሆነ ምስጥ የሚባል አይነካውም። እንዲያውም ወገናችንን የማያውቅ ሰው በሱ አማካይነት ያውቀናል። ስለ ጽሑፉ፣ እንግዳ ለማስደሰት የተጻፈ ነው፤ ክፋት የለውም። ባርኔጣውን አስነሥቻለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይላሉ አዋቂዎች። ወጣት ነህ፤ ልብህን አታጥቁር። ወደ ትምህርትህም ብትመለስ መልካም ነው።

የደረቀ ዓሣ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። እዚህ የሚሸጡት ካርቶን ካርቶን ይላል።

እግረ መንገዴን ልጠይቅህ፣ ባሕሩ በጃንዋሪ እንዴት ይሆናል? ይኸው እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ወንድምህ ሎፓካ


ሃሌፑና
ዲሴምበር 13 ቀን 1985

ለታላቁ ማዕበል ረጋጭ፣ ለወንድም ጋሼ ሎፓካ

በበረሃው ሙቀት ቀልጠው እንዳያልቁ ሌት ተቀን እጸልያለሁ፤ የምፈልገው ሙሉ ሰውነትዎን ነውና።

ምክርዎ ደርሶናል። አክስቴ ጮክ ብዬ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። «በክብር ተቀምጧል» የሚለው ጋ ስደርስ ወደ ጓሮ ወጣችና ምንም ያላጠፋ ሙዝ በገጀራ ቆራረጠች። ገና አረንጓዴ ነበር።

የደረቀውን ዓሣ ልልክልዎ ጠቅልዬ ነበር። ፖስታ ቤት ሳልደርስ ራበኝና በላሁት። ሽታው እንዳይቀርብዎ ግን ወረቀቱን አሽቼበታለሁ፤ አፍንጫዎን ጠጋ ያድርጉ።

ስለ ባሕሩ ጠይቀዋል። በጃንዋሪ ባሕራችን ሁለት ጠባይ እንዳለው ያውቁ ነበር፤ ቢረሱ አልፈርድብዎትም። ወይ የሰው አጥር እየበላ ያድራል፣ ወይ ጎድጓዳ ሳህን ላይ እንደ ፈሰሰ የፖይ ገንፎ ይተኛል። የትኛው እንደሚመጣ ጠዋት ወጥቼ ሳላይ አልናገርም።

ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። እርስዎ ለወሬ ያህል የጠየቁት ነገር ኖሮ አያውቅም። አክስቴ እንኳ «ይሄ ልጅ የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል» አለች። የትኛው ጉድጓድ ነው ወንድም ጋሼ? ይንገሩኝ፤ መሰላል ይዤ እመጣለሁ፤ ከላይ ቁጭ እልበታለሁ።

እማማ ናካሙራ ሰላም ብለዋል። ባርኔጣው መነሣቱ እሰየው፣ ጽሑፉስ ይላሉ።

ካይፖ


ላስ ቬጋስ
ዲሴምበር 18 ቀን 1985

ለውድ ወንድሜ ለካይፖ

እንደምን ሰንብተሃል? በዓሉን በጤና ያድርሳችሁ። ለአክስቴ ትሆናለች ብዬ ሹራብ ልኬያለሁ። ሃሌፑና ላይ ሹራብ እንደማይለበስ ያስታወስኩት ከላክሁ በኋላ ነው።

ካይፖ፣ አንተ ብልህ ልጅ ነህ። ሁልጊዜም እለዋለሁ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሚስተር ፕሩት ይባላል። ጽሑፉን እያነበበ ቁርሱን ይበላል፤ ለእንግዳም ያስጎበኛል። በጃንዋሪ ሦስተኛው ቅዳሜ ከነሚስቱ ሃሌፑና ሊመጣ ትኬት ቆርጧል። «ሳንቃውንም ይዘነው እንሄዳለን፤ ስትጋልብ በዓይኔ ማየት አለብኝ» አለኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ጀርባዬን ያመኛል ብዬው ሐኪም ጠራልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ያን ቅዳሜ ጠዋት በስልኩ ላይ «ባሕሩ ተዘግቷል፣ ነፍሱን የሚወድ አይግባ» ብለህ ቅዳ። አንተ ካልክ እንኳን እንግዳ፣ ዓሣ አጥማጆቹም አይገቡም። እኔም ከዳር ቆሜ «አይ ዛሬስ አይሆንም» እላለሁ፤ ሳንቃውም እኔም በክብር እንመለሳለን። ከሰው ፊት እንዳልዋረድ። አያታችንም ቢሆኑ የልጅ ልጃቸው እንዲዋረድ አይወዱም ነበር።

እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

ሎፓካ


ሃሌፑና
ጃንዋሪ 4 ቀን 1986

ሎፓካ፣

ቶሎ መልስ ያልከኝን ደብዳቤ ትራሴ ሥር አኑሬ ገናን አከበርኩበት። እንቅልፌ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም። ሹራቡን የእማማ ናካሙራ ፍየል ለብሳዋለች፤ ታምርባታለች።

«እርስዎ» ማለቱን ለዛሬ ትቼዋለሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሰውዬ፣ ሙት ሰው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠህ ስለ ራስህ ውርደት ትለምነኛለህ? «አያታችን አይወዱም ነበር» ትለኛለህ? እስቲ የሚወዱትንና የማይወዱትን ልንገርህ። እኔ ቀልደኛ ነኝ፤ የአስተማሪ ጫማ ውስጥ ሸርጣን ከትቼ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት። ስልኩን የሰጡኝ ቀን ግን አያታችን ጆሮዬን ይዘው አንድ ነገር አሉኝ፦ «ለአክስትህ ዋሽ፣ ለፖሊስ ዋሽ፣ ለቄሱም ዋሽ። ስለ ባሕሩ ግን አትዋሽ። ቃልህን አምኖ የሚገባ የሰው ልጅ አለ፤ ቃልህን አምኖ ሳያጠምድ የሚውል ባለ ልጅም አለ።» ከዚያ ጆሮዬን ለቀቁ። እስካሁን ያቃጥለኛል።

ስለዚህ ስማኝ። ሳንቃውን ይዘህ ና። ጠርዙ ሳይጫጫር፣ ችንካሩ ተነቅሎ ይምጣ። ያን ቅዳሜ ጠዋት ለባሕሩ የሚገባውን እናገራለሁ። ላንተም የሚገባህን ታገኛለህ። ከዚህ የበለጠ ቃል አልሰጥህም፣ ከዚህ ያነሰም አልሰጥህም።

አክስቴ የአበባ ጉንጉን ማዘዝ ጀምራለች። ለምን እንደሆነ አልነግርህም።

ካይፖ


ላስ ቬጋስ
ጃንዋሪ 10 ቀን 1986

ለወንድሜ ለካይፖ

ለምትሰጠኝ እርዳታ አመሰግናለሁ። «ለባሕሩ የሚገባውን» ስትል ምን ለማለት እንደፈለግህ ገብቶኛል ብዬ አምናለሁ፤ አምላክም እንደገባኝ ያድርገው። ሳንቃው በአውሮፕላን ይመጣል። ለአበባ ጉንጉኑ አክስቴን አመስግንልኝ፤ ለአቀባበል ብላ መድከም አልነበረባትም።

በልብህ ያለውን አላውቅም። ደም ነን ካይፖ።

ሎፓካ


ላስ ቬጋስ
ፌብሯሪ 2 ቀን 1986

ካይፖ፣

ሰላምታ የለኝም። ለአክስቴ ብቻ ሰላም በልልኝ።

አንድ ጫማ! አንድ ጫማ አልክ! ሚስተር ፕሩት በሆቴሉ ስልክ ራሱ ደውሎ ሰማህ። «እንደምን አደራችሁ፣ የሃሌፑና ባሕር ዛሬ አንድ ጫማ ነው፤ ነፋሱ ከተራራው ወደ ባሕር በቀስታ ይነፍሳል፤ ውኃው የጠራ ነው፤ ሕፃንም አሮጊትም ይግባ» ስትል እኔም ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ ሰማሁ። ሰውየው በሳቅ ፈነዳ። «ሃያ የጋለበ ሰው አንድ ጫማ! ሚስቴ እግሯን የምትዘፈዝፍበት ገንዳ እኮ ከዚህ ይበልጣል!» አለ።

መጥተን ሳየው ግን ደረቴ የሚደርስ ውኃ ነው እየተነሣ የሚወድቀው። ዋሸኸኝ። ስለ ባሕር አልዋሽም ያልከው አንተ ዋሸህ። የሆነውን ሁሉ አይተሃል፤ ደግሜ አልጽፈውም። ሚስተር ፕሩት አሁን ስሜን ትቶ «አንድ ጫማ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ወጥ ቤቶቹም ለምደውታል። ግድግዳው ባዶ ነው። ሳንቃው የነበረበት ቦታ ላይ የሚሰቀል ነገር ፈልግ ተብያለሁ።

ምን እሰቅላለሁ? ንገረኛ፣ ምን እሰቅላለሁ?

ሎፓካ


ሃሌፑና
ፌብሯሪ 11 ቀን 1986

ለወንድም ጋሼ ሎፓካ

አሎሃ። ይህ ደብዳቤ ከአንድ ጥቅል ጋር ይደርስሃል። ጥቅሉን አሁን አትፍታው፤ መጨረሻ ላይ።

ዋሸኸኝ ላልከው ግን እዚሁ አቁምልኝ። ሌላ ስድብ ሁሉ ይገባኛል፣ ይሄኛውን አልቀበልም። ያን ቀን እማማ ናካሙራ ባይኖሩ አንተ ያልከው ይታመንብኝ ነበር። ሚስተር ፕሩት ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል፣ አጥማጆቹ ሁሉ አበባ አጥልቀው ተሰልፈዋል፣ አንተ ሳንቃውን ታቅፈህ ትጮሃለህ።

«ይሄ አንድ ጫማ ነው? ደረቴ ይደርሳል እኮ!»

«በየት በኩል ለክተኸው ነው?» አለችህ አክስቴ።

«በፊት ለፊቱ ነዋ! በየት በኩል ይለካል?»

ታስታውሳለህ? ውሻ እንኳ ዞሮ አየህ። ከዚያ እማማ ናካሙራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ውይ በሞትኩት! ልጁ እኮ ፈረንጅ ሆኗል!» አሉ።

በኛ አገር ማዕበል የሚለካው ከጀርባው ነው፣ ሎፓካ። አያትህ ከድንጋዩ ማዶ ታንኳቸው ላይ ሆነው የሚያዩት ጀርባውን ነበር፤ ያዩትን ይናገራሉ። ፊቱ ደረት ሲደርስ ጀርባው አንድ ጫማ ነው። ይህን ሃሌፑና ላይ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ያውቀዋል። አንተ በረሃው ውስጥ ጣልከው። እኔ ምንም አላታለልኩህም፤ የነገርኩህ በአገርህ ልክ ነው። አገርህን የረሳኸው አንተ ነህ። ይሄን ይሄን ነው እኔ ከኖቬምበር ጀምሮ ስፈልገው የነበረው፣ ባሕሩ ራሱ አዘጋጅቶ ሰጠኝ። ያን ጠዋት ወጥቼ ባየው አጥር የሚበላው ጠባዩ ቢሆን ኖሮ «ተዘግቷል» ብዬ እቀዳ ነበር፣ አንተም በክብር ትመለስ ነበር፣ እኔ ደግሞ በንዴት እሞት ነበር። ተኝቶ አገኘሁት። ቴፑን የተጫንኩት እያፏጨሁ ነው።

«እንግዲያው ሃያውን ድል የነሣኸው በየትኛው ልክ ነው?» ብላ አክስቴ ስትጠይቅህ ሳንቃውን ይበልጥ አጥብቀህ አቀፍከው። ሚስተር ፕሩት ግን አልጠበቀህም። «አንድም ይሁን ሃያ፣ ግባ!» አለህ፤ ገባህ።

ያንን ማዕበል አልረሳውም። እንደ ቀልድ ነው የመጣው። ጨዋ ማዕበል ነበር፤ አልተቆጣም፣ አልጮኸም። በግንባርህ ደፋህ፣ አንዴ አገላበጠህ፣ ከዚያ አበባ ያለበትን ቁምጣህን ይዞ ሄደ። እንዳንተ የሰው ዕቃ ወስዶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል አይደለም፤ እንዲያው ወደደው።

«ካይፖ! በእናትህ ፎጣ!» አልክ፣ እስከ አንገትህ ውኃ ውስጥ ተቀብረህ።

«ፎጣ ባሕር ውስጥ ምን ያደርግልሃል? ሳንቃው ላይ በሆድህ ተኛና ቅዘፍ!»

«ወዴት?»

«ወደ ዳር ነዋ! ሚስስ ፕሩት ካሜራውን ተቀብላ እየጠበቀችህ ነው!»

ያኔ ነው ፊትህን ወደ ጥልቁ ያዞርከው። እኛ ደግሞ የምንሄደው ወደዚያው ነበር። አክስቴ አበባውን ያዘዘችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባህ። የአያታችንን ቆርቆሮ በገዛ ሳንቃቸው ላይ፣ አገጭህ ሥር አስቀመጥኩልህ። ሌላ የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረም፤ ሳንቃውን አንተ ሞልተኸዋል። ስትቀዝፍ ከዳር የእማማ ናካሙራ ድምፅ ተከተለን፦ «አንቺ ኖሄአ፣ እሱስ ከኋላ ሲለካ ስንት ይሆናል?»

እዚህ ጋ ያቀድኩትን ልንገርህ። እንደ ልማዳችን በታንኳና በሳንቃ ክበብ ሠርተን ስንቆም፣ ሰው ሁሉ ሲያይህ፣ ፎቶውን አውጥቼ፣ ያን ባርኔጣ የተሰቀለበትን ፎቶ፣ ከፊትህ ይዤ «አያታችን ይሄን ይዩልህ» ልልህ ነበር። በፕላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አስሬው ነበር። ለሱ ነበር ቀኑን የምቆጥረው።

ክበቡን ሠራን። ማዕበሉ ከሥራችን እያለፈ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ ያደርጋል። አንተ ክዳኑን ይዘህ መክፈት አቃተህ፤ ዝጎ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ «አያቴ፣ አዘገየሁዎት» አልክ። ቆርቆሮውን ስታዘነብል አመዱ ውኃው ላይ ትንሽ ቆየ፣ አበቦቹ መሐል ዞረ፣ ከዚያ የለም።

ፎቶውን አላወጣሁም። ስለራራሁልህ አይደለም፤ እርጥብ ሰው ፊት የወጣ ፎቶ ይበላሻል። ደግሞ ሁሉም ያለቅስ ነበር፤ በማልቀሻ ሰዓት በቀል አይደምቅም። ማታ ቤት ገብቼ በደንብ ሳቅሁ።

ሳንቃው አሁን በረንዳው ላይ ነው። ችንካሩ የበሳውን ሁለቱን ቀዳዳ በሙጫ ሞልቼዋለሁ። አክስቴ የሬዲዮው አጠገብ ባዶ ሆኖባት እንዲያው ሁለት ሦስት ቀን ተንገላታች። አሁን ጠዋት በሩን ከፍታ ወደ ባሕሩ «ደህና አደርክ አባዬ» ትላለች። «ገና ነው» የሚለውን ትታዋለች። ስትመጣ እንዳትደነግጥ ነው የምነግርህ፤ «ሎፓካ የሚመጣው መቼ ነው» ብላ ጠይቃኛለች፣ ገጀራውንም ሳትይዝ ነው የጠየቀችኝ።

አሁን ጥቅሉን ፍታው።

አዎ፣ እሱ ነው። ከድንጋዩ ማዶ አንድ አጥማጅ በመረቡ ይዞ አመጣው። ኪሱ ውስጥ ሸርጣን ነበር፤ አስወጥቼዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ጫማ ይሆናል። አጥቤ፣ በገመድ አስሬ ልኬልሃለሁ። ግድግዳው ላይ ምን እሰቅላለሁ ብለኸኝ የለ? ጽሑፉንም በራሴ እጅ ጽፌልሃለሁ፣ ከቁምጣው ሥር ለጥፈው፦ «ሎፓካ በዚህ ቁምጣ ከአንድ ጫማ ማዕበል ጋር ተዋግቶ ማዕበሉ አሸነፈ።» እንግዳህ ይህን ያምናል፤ እውነት ስለሆነ። ሚስተር ፕሩትም ቁርሱን እየሳቀ ይበላል። የሚስቅ አለቃ ሠራተኛ አያባርርም።

ከቁምጣው ጋር የደረቀ ዓሣ አለ። ይሄኛውን አልበላሁትም። ትንሽ ብቻ ቀምሻለሁ፣ መርዝ እንዳይኖረው ብዬ።

እንግዲህ በከባድ መርዶ ነበር የጀመርኩት፤ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ ብዬህ ነበር። አሁን መቆም ትችላለህ። ይሉኝታህ ሞቷል ያልኩት ተሳስቼ ነው፤ ራሱን ስቶ ነው እንጂ አልሞተም፤ ባሕሩ ላይ ሲነቃ አይቼዋለሁ። ነገሩ ሁሉ ከፊት ለፊት ሲመጣብኝ ሰማይ የሚጋርድ መስሎኝ ነበር። ይኸው አልፎ ጀርባውን ሳየው፣ በአያታችን ልክ፣ አንድ ጫማም አይሞላም።

ታናሽ ወንድምህ ካይፖ